ለዋቢ ዝርዝሬ፣ የዘገየ ምስጋና

ውድ ባለማብራሪያ የዋቢ ዝርዝሬ፣

ይህ ደብዳቤ ሊደርስህ የሚገባው የታሪክ መመረቂያ ጽሑፌን ያስረከብኩ ዕለት ነበር። ያን ቀን አማካሪዬንና እናቴን አመሰገንኩ። አንተን ግን በመጨረሻዎቹ ገጾች አስጠርዤ ዝም አልኩ።

ርእሴ ክፉ ቀን ነበር፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱን በሽታ፣ ሰዉን ረኃብ የፈጀበት ዘመን። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ያገኘሁትን ሁሉ እገለብጥ ነበር። አማካሪዬ ግን ለየመጽሐፉ አንድ ካርድ፣ በየካርዱም አራት መልስ ጠየቁኝ፦ ምን ይላል? ከማን ሰማ? የቱ ላይ ይደክማል? ለጥያቄህ ምን ይረዳል?

አንተ የተሠራኸው ከእነዚያ ካርዶች ነው። ትልቁ ውለታህ «ከማን ሰማ» ላይ ነው። ስለ አንድ አውራጃ እልቂት አምስት ምስክር አለኝ ብዬ ነበር። ካርዶቹን ጎን ለጎን ሳነብ አራቱ የአንድ መንገደኛን ቃል የሚደግሙ ሆነው ተገኙ። ምዕራፉን እንደገና ጻፍኩት። የሟቾችን ቁጥር አፌን ሞልቼ ከመናገር የመለስከኝ አንተ ነህ።

የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የምኒልክ ታሪክ በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ፓሪስ ላይ መታተም የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930 ነው፤ አማርኛው ግን አዲስ አበባ ላይ የታተመው በ1959 ዓ.ም.። ትርጉሙ ዋናውን ቀድሞ ለንባብ መብቃቱን የተረዳሁት ሁለቱን ዓመቶች በካርድህ ላይ ሳስተያይ ነው። ከዚያ ወዲያ የጸሐፌ ትእዛዙን ቃል ከፈረንሳይኛው እትም አዘጋጅ ከሞሪስ ደ ኮፔ የግርጌ ማስታወሻ እየለየሁ መመዝገብ ጀመርኩ። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ በ«ባ» እንጂ በ«ዘ» እንደማይፈለግም ያስለመድከኝ አንተው ነህ።

በቅርቡ የእኅቴ ልጅ ስለዚያው የከብት በሽታ ልትጽፍ ብላ መጣች። ካርዶቹን አውጥቼ ሰጠኋት።

«ጋሼ፣ ይሄኛውን አላየኸውም ነበር?» አለችኝ።

ካርዱ ላይ በእርሳስ «ከሌላ መጽሐፍ የተጠቀሰ፤ ራሱን አላገኘሁትም» ብዬ ጽፌ ነበር። እንዲያ ብዬ እንድጽፍ ያደረግኸኝ አንተ ነህ። ዛሬ ጠዋት ካርዱን ይዛ መጽሐፉን ልትፈልግ ስድስት ኪሎ ሄዳለች።