የሰጣችሁትን መልሳችሁ አትውሰዱ

የሙያ እኩዮቼ፣ ለዓመታት በነፃ ስታድሉት በቆያችሁት መተግበሪያ ላይ ዋጋ ልትቆርጡ መሰናዳታችሁን ሰምቻለሁ። ማስከፈላችሁን አልነቅፍም። ሰርቨር ኪራይ አለው፤ ኮድ የሚጽፈውም የሚያሳድገው ልጅ አለው። የምፈራላችሁ ትናንት በሰው እጅ የነበረውን መልሳችሁ እንዳትወስዱ ነው። ጉርሻ ካጎረሱ በኋላ ሒሳብ መጠየቅ ይሆንባችኋል።

ኖታቢሊቲን አስታውሱ። በአይፓድ ማስታወሻ የሚይዙ ተማሪዎች የሚወዱት፣ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚገዛ መተግበሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2021 ባለቤቶቹ ማውረዱን ነፃ አደረጉና በየዓመቱ የሚከፈል ምዝገባ አመጡ። ቀድሞ የገዙትም ከአንድ ዓመት በኋላ እንደ ሌላው እንዲከፍሉ ተነገራቸው። ተጠቃሚው ተቆጥቶ ብቻ ዝም አላለም፤ የአፕልን ደንብ ጠቅሶ ሞገተ። ደንቡ ወደ ምዝገባ የሚዞር መተግበሪያ ሰዎች ከፍለው የያዙትን ዋና አገልግሎት እንዳይነሳቸው ያዛል። ኩባንያው በማግስቱ ውሳኔውን አጠፈ።

ሌላው የማስታወሻ መተግበሪያ ኤቨርኖት ግን አላጠፈም። እ.ኤ.አ. በ2016 ነፃ ተጠቃሚው ከሁለት መሣሪያ በላይ እንዳያገናኝ ከለከለ። ቤንዲንግ ስፑንስ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ከገዛው በኋላ ደግሞ፣ በ2023 መጨረሻ፣ ነፃው ድርሻ ወደ 50 ማስታወሻና አንድ ደብተር ወረደ። ከዚያ በላይ ያጠራቀመ ሰው የቆየውን ማንበብ፣ ማረምና ወደ ሌላ ቦታ ማውጣት ይችላል፤ አዲስ መጨመር ግን አይችልም። ልብ በሉ፣ ይህ ገደብ ትናንት የገባውን እንግዳ አይነካውም፤ 50 እስኪሞላ ገና ብዙ ቀን አለው። የሚነካው ዓመታት ሙሉ ያመናችሁን፣ ለወዳጆቹ ስማችሁን ሲያነሣ የኖረውን ሰው ነው። ያለ ማስታወቂያ ያሳደጋችሁም እሱ ነው።

ጉግል ፎቶስ በዚህ ረገድ ብልህ ነበር። በ2015 ያለ ገደብ ፎቶ ማስቀመጥን ፈቀደ፤ ከጁን 2021 ጀምሮ ግን ከ15 ጊጋባይት በላይ የሚፈልግ እንዲከፍል አደረገ። ይህን ከግማሽ ዓመት በፊት አሳወቀ፤ እስከዚያች ቀን በነፃው ጥራት የተሰቀለውን ፎቶም ከሒሳቡ ውጭ ተወው። ሰው አጉረመረመ፤ ማጉረምረም መብቱ ነው። ነገር ግን የሠርጉንና የልጁን ክርስትና ፎቶ ተነጠቅሁ የሚልበት ምክንያት አልነበረውም።

አንድ ኮከብ ሰጥቶ የሚሳደበውን ብዙ አትፍሩት። እሱ ገና እያነጋገራችሁ ነው፤ ብትሰሙት ይመለሳል። የከፋው ማሻሻያውን አልቀበልም ብሎ በአሮጌው የሚቆየው፣ ቀስ በቀስ ፋይሉን የሚያወጣው፣ አንድ ቀን ድምፅ ሳያሰማ የሚያጠፋችሁ ነው። ለምን እንደሄደ ማንም አይነግራችሁም።

ሌላም አለ። መክፈል የማይችለውን ከማይፈልገው ጋር አትደምሩት። ዋትስአፕ በዓመት ይጠይቀው የነበረውን 1 ዶላር እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያነሣ፣ ብዙ ተጠቃሚዎቹ የባንክ ካርድ እንደሌላቸውና ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ከዘመዶቻቸው እንዳይቆረጡ እንደሚሰጉ ተናግሮ ነበር። እዚህ አዲስ አበባ ያለው ሰው ችግሩን ያውቀዋል። አብዛኞቻችን በዶላር የሚከፍል ካርድ የለንም፤ ያለውም ቢሆን በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዚያው አገልግሎት ዋጋ በወራት ውስጥ እጥፍ ያህል ሆኖበታል። እናንተ ሳንቲም አልጨመራችሁ ይሆናል፤ እሱ ግን የሚያውቀው ከኪሱ የወጣውን ብር ነው።

ስለዚህ አዲስ የምትሠሩትን ሽጡ፤ በደንብም ሽጡት። በነፃ የሰጣችሁትን ለያዙት ተዉላቸው። መሄድ የሚፈልገውም ንብረቱን ይዞ የሚወጣበትን በር ዋጋውን ከማወጃችሁ በፊት ክፈቱለት።