ሬሳ ሳይነሳ ፍርድ!



ሐምሌ 19 ቀን 2010 ጧት የህዳሴው ግድብ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ መስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። የማክሰኚት ልጅ፣ የእኛው ጎንደሬ። ክስ እንኳ አልነበረባቸውም። ሬሳው ሳይነሳ ግን «ገዳዩ ታውቋል» ተባለ። ስም ያጣው ብሔር ጠራ!

ፖሊስ «ራሳቸውን አጥፍተዋል» ብሎ የምርመራውን ውጤት ያሳወቀው ጳጉሜን 2 ነው። 43 ቀን! እንዲህ ያለ መዘግየት ወሬን እንደሚያራባ መንግሥት ይጠፋዋል? አይጠፋውም። ይህ ግን የእኛን ምላስ ነፃ አያወጣም። ሱረቱል ሑጁራት ላይ የታዘዝነው ማጣራት ደስ ለሚለን ወሬ አይሠራም እንዴ?

ተከሶ የሞተም ቢሆን ያው ነው። የአሜሪካው የኤንሮን ኩባንያ አለቃ ኬኔት ሌይ እ.ኤ.አ. በ2006 ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ቅጣቱ ሳይወሰን ሞተ። ይግባኙ ስላልታየ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኝነቱን ሰረዘው። «አልሞተም፣ ተደብቋል» የሚል ወሬም ተነዛ። ወሬው የጡረታ ቁጠባቸውን ላጡት ሠራተኞች አንድ ሳንቲም አልመለሰም።

አንተ ደባርቅ ሻይ ቤት ቁጭ ብለህ «ነፍሰ ገዳይ» እያልክ ሼር ያደረግከው ሰው ሐቅ አለብህ። ለስመኘው የምትቆረቆር ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው፦ የምርመራው መዝገብ ከነማስረጃው ለሕዝብ ይከፈት!