ኢትዮጵያ በአራት ሳጥን

«ኢትዮጵያዊት ልዕልት፣ አራት ፊደል።» የአሜሪካ ጋዜጦችን ክሮስወርድ ጠዋት ጠዋት የሚሞላ ሰው በዚህ ጥያቄ ላይ ጊዜ አያጠፋም፤ እጁ ሳያስበው «አይዳ» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። «የኢትዮጵያ መስፍን፣ ሦስት ፊደል» ሲባልም «ራስ» ብሎ ያልፋል። አገራችንን ካርታ ላይ አሳየን ቢባል ጣቱ የት እንደሚያርፍ እግዜር ይወቅ፤ እነዚህን ሁለት ቃላት ግን ያውቃቸዋል። ቡናውን ጨርሶ ሲነሣ ደግሞ «ዛሬም አንድ ነገር ተማርኩ» ይላል።

ክሮስወርድ የሚወደስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጠቅላላ ዕውቀት ያስጨብጣል፣ በየቀኑ ጠብ ጠብ እያለ ሰውን አዋቂ ያደርጋል ይባላል። እኛም ዘንድ ሐሳቡ ሥር ሰዷል። የመጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ አግድምና ቁልቁል ሳጥን የሚሞላ ወጣት ሲታይ «ጎበዝ፣ የሚያነብ ልጅ» ይባላል። ክሮስወርድ ጨዋታ ነው፣ ያውም ደስ የሚል ጨዋታ፤ በዚህ ጠብ የለኝም። ዕውቀት ያስተምራል የሚለውን ግን አልቀበልም። የሚያስተምረው ዕውቀት የሚመስል ነገር ነው፤ አንዳንዴም ስሕተት ነው።

እስቲ አይዳን እንያት። ይህች ልዕልት በእኛ ታሪክ ውስጥ የለችም። ታሪኩን የጠነሰሰው ኦጉስት ማሪየት የተባለ ፈረንሳዊ የግብፅ ጥንታዊ ቅርሶች ተመራማሪ ነው፤ ሙዚቃው የጣሊያናዊው የጁሴፔ ቬርዲ ነው፤ ኦፔራው መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 በካይሮ ነበር። ያስደረሰው የግብፁ ገዥ ከዲቭ ኢስማኤል ነው። በመድረኩ ላይ ግብፅ ኢትዮጵያን ድል ታደርጋለች፤ የኢትዮጵያው ንጉሥም ተማርኮ ይቀርባል። አራት ዓመት ቆይቶ ያው ኢስማኤል እውነተኛ ጦር ወደ እውነተኛዋ ኢትዮጵያ ላከ። በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራዕ ላይ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ድባቅ መታው። ከአይዳ ጋር የተያያዘው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ በመድረክ ላይ የታለመው ድል በሜዳ ላይ ምን እንደደረሰበት። ክሮስወርዱ ግን ልብ ወለዷን ልጅ ይዞ ጉራዕን ትቷል። አይዳ አራት ፊደል ሆና ሦስቱ አናባቢ ናቸው፤ ለሳጥን የምትመች ናት።

ራስም ያው ነው። ራስ ማለት መስፍን ነው ብሎ የጻፈ ሰው ራስ አሉላን ምን ሊያደርጋቸው ነው? አሉላ እንግዳ የተምቤን ገበሬ ልጅ ናቸው። ከንጉሥ ቤት አልተወለዱም፤ በጦር ሜዳ ሥራቸው ወጥተው ራስ ተባሉ፤ በ1887 ዶጋሊ ላይ የጣሊያንን ጦር የደመሰሱት እሳቸው ናቸው። ማዕረጉ የሚሾሙት እንጂ የሚወለዱት አልነበረም። መስፍንም ራስ ሊባል ይችላል፣ የገበሬ ልጅም። የድሮው የኢትዮጵያ ሥርዓት የገበሬን ልጅ እስከዚያ ድረስ የሚያወጣበት በር እንደነበረው ማወቅ ስለዚህች አገር ብዙ ነገር ያስረዳል። ሦስቱ ሳጥኖች ያንን በር ዘግተው «መስፍን» የሚል ታፔላ ለጠፉበት። ሞዪውም ትክክል ሞላሁ ብሎ ተደሰተ።

ይህ የአንድ አዘጋጅ ስንፍና አይደለም፤ የጨዋታው አሠራር ራሱ ያመጣው ነው። በአሜሪካው ደንብ እያንዳንዱ ፊደል በአግድምም በቁልቁልም ቃል ውስጥ መግባት አለበት። ይህን ለማሳካት አዘጋጁ አጫጭርና አናባቢ የበዛባቸው ቃላት ያለማቋረጥ ያስፈልጉታል። ስለዚህ በክሮስወርድ ዓለም ታላቁ እሳተ ገሞራ ኤትና ነው፤ ከአምስቱ ታላላቅ ሐይቆች ዝነኛው ኤሪ ነው፤ ታላቁ ብስኩት ኦሬዮ ነው። ትልቁ ሐይቅ ሱፒሪየር መሆኑ ምንም አይጠቅመውም፤ ስሙ ረዝሞበታል። የላቫ ሐይቁ የታወቀው የእኛው ኤርታሌም ያው ዕጣ ነው የገጠመው። ዕውቀት በአስፈላጊነቱ ሳይሆን በሆሄ አጣጣሉ ሲመረጥ ጠቅላላ ዕውቀት ይባላል እንዴ? በቁመት ተለክቶ መምህር የሚቀጠርበት ትምህርት ቤት ልጁን የሚሰድ ማን ነው!

ከዚህ የባሰም አለ። አግድሙን የማያውቅ ሰው ቁልቁሎቹን በመሙላት ብቻ አግድሙ ራሱ ተሞልቶ ያገኘዋል። ጥያቄውን ሳያነብ መልሱን ይጽፋል ማለት ነው። ምን ተማረ?

ጨዋታው ሲወለድ እንዲህ ያለ ማስመሰል አልነበረበትም። የሊቨርፑል ተወላጁ አርተር ዊን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1913 «ኒው ዮርክ ወርልድ» ጋዜጣ ላይ የመጀመሪያውን ሲያወጣ ለእሑድ መዝናኛ ገጽ ነበር። ዛሬ የክሮስወርድ ቤተ መቅደስ የሚመስለው «ኒው ዮርክ ታይምስ» በ1924 የክሮስወርዱን ወረርሽኝ የጊዜ ብክነት ነው ብሎ ነቅፎታል፤ የራሱን የጀመረው በየካቲት 1942 ነው። ያኔም አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ገብታ ስለነበር አንባቢው ከክፉ ወሬ ፋታ ያገኛል ተብሎ ነው እንጂ ይማርበታል ተብሎ አይደለም። ሐቀኛ ምክንያት ነው። የምሁርነት ካባ የደረበው ኋላ ነው።

ተከራካሪዎቹ የሚያመጡትን አውቃለሁ። አንደኛው የብሌችሊ ፓርክ ታሪክ ነው። በጥር 1942 የለንደኑ «ዴይሊ ቴሌግራፍ» አንድ ክሮስወርድ በ12 ደቂቃ ውስጥ የሚፈታ ካለ ይምጣ ብሎ አወዳደረ፤ ከተወዳዳሪዎቹም አንዳንዶቹ በብሌችሊ ፓርክ ለሚካሄደው የጀርመንን ምሥጢራዊ መልእክት የመፍታት ሥራ ተመለመሉ። እውነት ነው። ነገር ግን የተፈለጉት የአገር ዋና ከተማ ስለሚያውቁ አልነበረም። የእንግሊዙ ክሮስወርድ አታላይ ነው፤ ጥያቄው ላይ ላዩን አንድ ነገር እያወራ ውስጥ ውስጡን ሌላ ይጠይቃል፣ ቃል ይቆርጣል፣ ፊደል ያገላብጣል። የተፈለገው ያንን የሚያይ ዓይን ነው። ይህ ማስረጃ የእኔ እንጂ የእነሱ አይደለም።

ሁለተኛው የጤና ነው፤ መርሳትን ይከላከላል ይባላል። እዚህ ላይ ትንሽ እለሳለሳለሁ። የኮሎምቢያና የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 ባሳተሙት ጥናት ቀለል ያለ የማስታወስ ችግር ያለባቸው 107 ሰዎች ለ78 ሳምንታት ክትትል ተደርጎላቸው፣ ክሮስወርድ የሞሉት የኮምፒውተር ጨዋታ ከተጫወቱት የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ለአረጋውያን ደስ የሚል ዜና ነው፤ ምንም ያልሠራ ሦስተኛ ቡድን ግን ለንጽጽር አልነበረም። በ1999 ሃምብሪክ፣ ሳልትሃውስና ማይንዝ ያሳተሙት ሥራ ደግሞ ክሮስወርድ ማዘውተር ከዕድሜ ጋር የሚመጣውን የማሰብ ችሎታ መቀነስ ሲያዘገይ አላገኘም። ያገኘው ሌላ ነገር ነው፤ ክሮስወርድ ጎበዝ የሚሆነው ቀድሞውኑ ሰፊ ዕውቀት ያለው ሰው ነው። ጎበዝ ሞዪ አይተን «ክሮስወርድ አሳወቀው» የምንለው ጋሪውን ከፈረሱ አስቀድመን ነው።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። የእኛ ጠቅላላ ዕውቀት አባዜ ከክሮስወርድም ይሰፋል። የትምህርት ቤቱ ጥያቄና መልስ፣ ደውሎ የመለሰ የሚሸለምበት የሬዲዮ ፕሮግራም፣ የበዓል ዋዜማ የቴሌቪዥን ውድድር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የማሊ ዋና ከተማ? ባማኮ! ጭብጨባ። ከተማዋ የኒጀር ወንዝ ላይ ለምን እንደተቆረቆረች የሚጠይቅ የለም፤ መልሱ በአሥር ሰከንድ አያልቅማ። ልጆቻችን ዓለምን የሚያውቋት በዋና ከተማ፣ በገንዘብ ስምና «የመጀመሪያው ማን ነው» በሚል ዝርዝር ነው። ከፈተናው ማግስት የሚበተን ዝርዝር።

የአማርኛው ክሮስወርድ ይህን አባዜ እንዳለ ወርሶታል፤ ፊደላችንም አባብሶበታል። በላቲኑ አንድ ሳጥን አንድ ድምፅ ይይዛል። የእኛ ሳጥን ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ይይዛል፤ 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፣ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ስለዚህ ሁለት ቃል ሲያቋርጡ «በ» ከ«በ» ጋር እንጂ ከ«ቡ» ጋር አይገጥምም። አዘጋጁ ይጨንቀውና ጥቂት ማቋረጫ ብቻ አድርጎ ቀሪውን ሳጥን ያጠቁረዋል። ማቋረጫው ሲያንስ ሞዪው የሚረዳው ፍንጭ ያጣል፤ ወይ ያውቃል ወይ አያውቅም። ጨዋታነቱ ያከትምና ፈተና ይሆናል። በዚህ ላይ ደግሞ የ«ሀ» እና የ«ሐ»፣ የ«ጸ» እና የ«ፀ» ክርክር አለ፤ ፀሐይን በትክክል ያወቀ ሰው በሆሄ ምክንያት ይረታል።

መላ የለውም አይባልም። ጃፓኖችም እንደኛ ቀለማቸው ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ የሚይዝ ነው፤ ክሮስወርዳቸው ግን ሞልቶ የተሳሰረ ነው። ትንሿን ቀለም እንደ ትልቋ ቁጠር የሚል ደንብ አውጥተው ተገላገሉ። በዕብራይስጡም የቃል መጨረሻ ላይ መልኳን የምትለውጥ ፊደል በሳጥን ውስጥ እንደ መደበኛዋ ትቆጠራለች። እኛም ሞክሼ ፊደላት በክሮስወርድ ውስጥ እንደ አንድ ይቆጠሩ ብንል ሰማይ አይወድቅም። ሊቃውንቱ ቢቆጡም ለጨዋታ ነው በሉልኝ።

ዋናው ግን ደንቡ አይደለም፣ ጥያቄው ነው። ያ እንግሊዞች የሚመኩበት አታላይ ጥያቄ እኛ ዘንድ ባለቤት አለው። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሕዝብ የላዩን ሰምቶ የውስጡን መፈለግ የሚያስተምረው አያስፈልገውም። የቅኔ ቤት ተማሪ ገና ጉባኤ ቃና ሲጀምር ከእሱ የሚፈለገው አዲስ ነገር ነው፤ የሰው ቅኔ ሸምድዶ ቢያቀርብ ነውር ነው። እንቆቅልሻችንም እንዲሁ ነው። የሚጠይቀው ሁላችንም የምናውቀውን ነው፤ እንቁላል፣ ምላስ፣ ጥላ። ያላየነውን እንድናይ እንጂ ባልሸመደድነው እንድናፍር አይደለም። ያልመለሰም «አገር ስጠኝ» ይባልና ጎንደርን ወይ ሐረርን ሰጥቶ ይስቃል።

እስቲ ይህን ሞክሩ፦ «ደረሰ ስትለው አልደረስኩም የሚል በዓል፣ ሁለት ፊደል።» ወይም ይህን፦ «ከሁሉ የሚበልጠው ውኃ ውስጥ ነው፣ ሁለት ፊደል።» የመጀመሪያው ገና ነው፣ ሁለተኛው ዋና። የስምንተኛ ክፍል ተማሪም፣ ባልቴትም፣ ፕሮፌሰርም እኩል ይፋለሙበታል። ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ያላገኘው ሰው መልሱን ሲሰማ «እንዴት አላየሁትም!» ብሎ ይቆጫል፤ የማሊን ዋና ከተማ ያላወቀ ሰው ግን አላወቀም፣ በቃ።

የመዝናኛ ገጽ አዘጋጆች ሆይ፣ ዋና ከተሞቹን ለጂኦግራፊ መጽሐፍ ተዉለት። የገንዘብ ስሞቹንም ለባንክ። በሚቀጥለው ዕትማችሁ ከሃያ ጥያቄ አሥሩን እንኳ እንደ «ገና» እና «ዋና» ያለ ኅብረ ቃል አድርጉና አንባቢው ምን እንደሚል ስሙት።