የጥበቃችንን ስም የሚያውቅ አለ?

ዛሬ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የበሩን ጥበቃ ስም የምታውቁ ስንት ናችሁ? ሁላችንም «ጋሼ ጥበቃ» ነው የምንላቸው።

እኔ ወደዚህ ትምህርት ቤት የመጣሁት አምና፣ ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። እናቴ ቤሩት ስለሄደች አክስቴ ጋ መጣሁ። በምሳ ሰዓት ሁሉም ከጓደኛው ጋር ሲበላ እኔ ምሳ ዕቃዬን ይዤ በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር እቀመጥ ነበር። ጋሼም ብቻቸውን ነበር የሚበሉት። አንድ ቀን «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፤ ና ቅረብ» አሉኝ። የእኔን ፓስታ፣ የእሳቸውን ሽሮ አብረን በላን።

ከዚያ ገበጣ አስተማሩኝ። መሬት ላይ 12 ጉድጓድ እንቆፍርና በየጉድጓዱ 4 ጠጠር እናደርጋለን፤ በጠቅላላው 48 ማለት ነው። የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ ቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። እሳቸው በዓይናቸው ብቻ ያሰሉታል። እኔ እስከ ዛሬ ያሸነፍኳቸው ሁለቴ ብቻ ነው፤ አንዱንም አውቀው የለቀቁልኝ ይመስለኛል። የእሳቸው ልጆች ሩቅ አገር ናቸው። እናቴ አሁን ስትደውል «ጋሼ ደህና ናቸው?» ሳትለኝ አትዘጋም።

አንዳንድ ልጆች «የሽማግሌ ጓደኛ» እያሉ ይስቁብኛል። ጓደኛ እኩያ መሆን አለበት ይላሉ። እኔ አልስማማም። ያን ጊዜ ከእኩዮቼ ማን ጠራኝ? እውነቱን ለመናገር ግን እኔም በመጣሁ ሰሞን ጋሼ ሲያንቀላፉ ልጆች ሲያፏጩባቸው አብሬ ስቄያለሁ። ማታ ሌላ ቦታ ጥበቃ አድረው እንደሚመጡ አላወቅኩም ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ኦክቶበር 1 የዓለም የአረጋውያን ቀን ነው። ዘንድሮ በሰልፍ ላይ ስለ አረጋውያን ግጥም ተነበበ፣ ሁላችንም አጨበጨብን። ጋሼ በሩ ጋ ቆመው ይሰሙ ነበር። ማታ ስንወጣ ግን «ደህና ይደሩ» ያላቸውን ቆጠርኩ፤ አራት ሰው ብቻ!

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። አረጋውያንን ማክበር በግጥም ብቻ አይሁን። ጠዋት ስንገባ በስማቸው ሰላም እንበላቸው። መምህሮቻችንም ሻይ ሲጠጡ ቢጠሯቸው ደስ ይለኛል። አዲስ ልጅ ብቻውን ተቀምጦ ስናይም «ና፣ ነይ» እንበል።

ስማቸውን ለምን እንዳልጻፍኩ ትጠይቁኝ ይሆናል። አውቄ ነው። ሄዳችሁ እሳቸውን ጠይቁ።

ከ7ኛ «ለ» ክፍል ተማሪ