ጎልፍ «ጊዜ ላለው ሰው ነው» ያለው ማን ነው?

«ጎልፍ ጊዜ ላለው ሰው ነው።» ይህችን አባባል አዲስ አበባ ላይ የሚናገራት ሰው ብዙውን ጊዜ በልቡ «ገንዘብ ላለው» ማለቱ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያለው ሐበሻ ግን ቃል በቃል ነው የሚናገራት። ቀን አንድ ሥራ፣ ማታ ሌላ ሥራ፣ ቅዳሜ ልጅ ማመላለስ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ለቅሶ ወይ ክርስትና። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ «ና እንጫወት» ሲሉት ከአራት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ጨዋታ ጊዜው ከየት ይምጣ?

መልሱ አጭር ነው፤ መምጣት የለበትም። ጀማሪን ከጎልፍ የሚያባርረው የጊዜ እጥረት አይደለም። በሳምንት ያለችውን አንዲት ሰዓት እንዲያባክናት የሚያስተምረው ልማድ ነው። ይህንን ልማድ ደግሞ ዱላ ሻጩም፣ ኳስ አከራዩም፣ «እኔ እንዲህ ነው የጀመርኩት» የሚለው ነባር ተጫዋችም ተባብረው ያቆዩት ነው።

እስቲ ጀማሪው የሚያደርገው ይታይ። ከሥራ ወጥቶ ወደ ልምምድ ሜዳ ይሄዳል። ትልቁን ባልዲ ኳስ ይገዛል፤ ትልቁ «ያዋጣል» ተብሏላ! ከዚያ ድራይቨሩን ይመዛል። ድራይቨር ከዱላዎቹ ሁሉ እጀታው የረዘመ፣ ፊቱም ከፓተር በስተቀር ከሁሉም ይልቅ ቀጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ የእጅን ትንሽ ስሕተት ወደ ጎን አጉልቶ የሚያወጣው እሱ ነው። ለጀማሪ የመጨረሻው መሆን የነበረበት ዱላ የመጀመሪያው ይሆናል። አንዱ ኳስ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፣ ሁለተኛው መሬት ለመሬት ይንከባለላል፣ ሰባተኛው በአጋጣሚ ቀጥ ብሎ ይበራል። ለዚያ ለሰባተኛው ሲል ዘጠና ኳስ ይደበድባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የፈሰሰውን የሚለቅመው የሜዳው መኪና መሆኑ ብቻ ነው።

ምንጣፉ ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። በብዙ የልምምድ ሜዳዎች የሚመታው ከሰው ሠራሽ ሣር ምንጣፍ ላይ ነው። እውነተኛ ሣር ላይ ዱላው ከኳሱ በፊት መሬት ከነካ አፈር ይቆፍራል፣ ኳሱም ጥቂት እርምጃ ተንከባልሎ ይቆማል። ምንጣፉ ላይ ግን ዱላው ይንሸራተትና ኳሱን ይገፋዋል፤ ኳሱም ምንም እንዳልተፈጠረ ይበራል። ሰውየው ስሕተቱን በየሳምንቱ ከፍሎ ይለማመዳል፣ ያጨበጭብለታልም። ሜዳ የገባ ዕለት «ልምምድ ላይ እኮ ጥሩ ነበርኩ» ይላል። አልነበረም። ምንጣፉ ዋሽቶት ነው።

ታዲያ አንዲቷ ሰዓት ወዴት ትሂድ? በመጀመሪያ ሙሉ ሰዓት መሆኗ ራሱ አያስፈልግም። ለእጅ ሙያ ተከፋፍሎ የሚመጣ አጭር ልምምድ በአንድ ጊዜ ከሚዘነብ ረጅም ልምምድ እንደሚሻል በጥናት ደጋግሞ የታየ ነገር ነው። ሳሎን ምንጣፍ ላይ አንድ ኳስ፣ አንድ ፓተርና አንድ የሻይ ብርጭቆ ካለ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አሥር ደቂቃ ትበቃለች። ይህ ለጨዋታ ያህል የሚባል አይደለም። የአንድ ሙሉ ሜዳ ልክ ብዙ ጊዜ 72 ምት ነው፤ በዚህ ስሌት ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ግሪኑ ላይ ሁለት ሁለት ምት ተይዟል። ይኼ 36 ነው፣ የጠቅላላው ግማሽ። ጉድጓዱ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብርጭቆውን የለመደች ዓይን ስታየው ሰፊ ይመስላታል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ፣ ሊታለፍም አይገባም። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርክ ብሮዲ እጅግ ብዙ ምቶችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት መጽሐፍ በጥሩና በደካማ ተጫዋች መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚመጣው ከረጅም ምቶች እንጂ ከግሪኑ አካባቢ አለመሆኑን አሳይተዋል። ድራይቨር ደብዳቢዎቹ ይህንን ይዘው «አላልንም!» ይላሉ። አላሉም። ጥናቱ ረጅሙ ምት ዋጋ አለው አለ እንጂ መቶ ጊዜ ክፉኛ ምታው አላለም። ለጀማሪ ረጅም ምት ማለት ኳሱን መሐሉ ላይ አግኝቶ ወደ ፊት ማስኬድ ነው። እሱን ደግሞ የሚማረው በሰባት ቁጥር ዱላ፣ በግማሽ ውርወራ፣ በሠላሳ ኳስ፣ ለእያንዳንዱም ኳስ አንድ ዒላማ መርጦ ነው። ሳሎን ያለው አሥር ደቂቃ ከዚህ ላይ አንዲት ኳስ አይቀንስም። ለትልቁ ባልዲ ይወጣ የነበረውን ገንዘብ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ለአንድ ጥሩ አስተማሪ ቢከፍለው፣ አያያዙንና አቋቋሙን ያስተካክልለታል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ማስፈራሪያ፣ ወደ 18ቱ ጉድጓድ። 18 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። የስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ ሜዳ በ1764 አንዳንዶቹን ጉድጓዶች ስላዋሐደ ከ22 ወደ 18 ወረደ፤ ሌላው ዓለም ኋላ እሱን ተከተለ። እዚያው ዋሽንግተን ያለው የላንግስተን ሜዳስ? ጥቁሮች ከነጮች ጋር መጫወት በተከለከሉበት ዘመን፣ በጥቁር ተጫዋቾች ውትወታ በ1939 ሲከፈት ጉድጓዱ ዘጠኝ ብቻ ነበር። 18 የሆነው በ1955 ነው። ከወትዋቾቹ መካከል በ1937 የተመሠረተው የጥቁር ሴቶች ክለብ ዌክ ሮቢን ይገኝበታል። እነዚያ ሴቶች በዘጠኝ ጉድጓድ ሲጫወቱ ጎልፍ አልተጫወቱም የሚል ደፋር ካለ ይምጣ! ከ2020 ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፉ የሃንዲካፕ ሥርዓትም የዘጠኝ ጉድጓድ ውጤት ይቀበላል፤ ጣሪያውንም ለወንድም ለሴትም 54 አድርጎታል። ይህ ማለት በየጉድጓዱ ከልኩ ሦስት ምት ያስበለጠ ሰው እንኳ በመዝገቡ ቦታ አለው ማለት ነው። ሕጉ ጀማሪውን ተቀብሎታል። ያልተቀበለው ወሬው ነው።

ሱቁም ያው ነው። ሕጉ «ከ14 ዱላ አይብለጥ» ይላል፤ ሻጩ «14 ያስፈልግሃል» ብሎ ይተረጉመዋል። አምስት ያገለገሉ ዱላዎች ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ።

የነባሮቹ ቅሬታ ግን እውነት አለው፤ ዘገምተኛ ጀማሪ ከኋላው ያለውን ሁሉ ያስቆማል። ነገር ግን መድኃኒቱ ጀማሪውን ማሸማቀቅ ነው? በ2019 የተሻሻለው ሕግ የጠፋ ኳስ መፈለጊያውን ከአምስት ደቂቃ ወደ ሦስት አውርዶታል፤ ዝግጁ የሆነ ሰው ተራ ሳይጠብቅ እንዲመታም ያበረታታል። ጀማሪው ወደ ፊት ከቀረበው መነሻ ይነሣ፣ ምቱ ከልኩ እጥፍ ሲደርስ ኳሱን አንሥቶ ይለፍ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው፣ በቴሌቪዥን ያየውን ኮርጆ ግሪኑን አራት ጊዜ ከሚዞረው ነባር ይልቅ ይፈጥናል። ደግሞስ በቆልማማ ዱላ ሩር ሲያሳድድ ያደገ ሕዝብ ከመቼ ወዲህ ነው በዱላ ጨዋታ ላይ የሚሸማቀቀው? በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ! የጎልፉ ጌታ ግን ኮፍያውን አስተካክሎ ይቆጣል። ይቆጣ።

ሰኔ ላይ ዋሽንግተን ፀሐይ የምትጠልቀው በሐበሻ አቆጣጠር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ዘጠኝ ጉድጓድ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በአሥራ አንድ ሰዓት ከሥራ የወጣ ሰው አምስት ዱላውን ይዞ ተጫውቶ፣ ሳይመሽ ቤቱ ገብቶ እራቱን ከልጆቹ ጋር ይበላል።