ለሕፃናት የምንሸጠው ሰዋስው



ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲያበቃ ከግቢያችን በር የሚወጣውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። ግማሹ በታክሲ፣ ግማሹ በእግሩ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ሰው ቤት ይሄዳል። የሚሄደው ለማስጠናት ነው። በዚህ ሥራ የምናፍር አይደለንም። የሳሙናውንና የፎቶ ኮፒውን ገንዘብ የምናገኘው ከዚሁ ነው፤ ከመካከላችን ከዚያው ላይ ቆጥቦ ለእናቱ የሚልክም አለ። ዳሩ ግን እንጀራችን ስለ ሆነ ብቻ ምን እንደምንሠራ ሳንጠይቅ ማለፍ አይገባንም። ዛሬ ብዕር ያነሣነው ከሁሉ አስቀድመን ራሳችንን ለመክሰስ ነው።

የምንሸጠው ምንድን ነው? አራት ወይም አምስት ዓመት ከሆነው ሕፃን ፊት ተቀምጠን የእንግሊዝኛ ሰዋስው እንሸጣለን። ስም ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ግሥ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ በባዕድ ቋንቋ እናስደግመዋለን። ያሁኑን ጊዜና ያለፈውን ጊዜ በሰንጠረዥ እናስሸመድደዋለን። ሕፃኑ እንደ በቀቀን ይደግማል፤ አባት ከሳሎን ሆኖ ይሰማና ደስ ይለዋል፤ እኛም በወሩ መጨረሻ ሒሳባችንን እንቀበላለን። ሁላችንም የተስማማን ይመስለናል። ያልተጠየቀው ሕፃኑ ብቻ ነው።

ከመካከላችን አንዱ በሚያስጠናበት ቤት የሆነውን እንናገር። የቤቱ ደንብ ከልጁ ጋር አማርኛ እንዳይነገር ነው። አባትና እናት እርስ በርሳቸው በአማርኛ ያወራሉ፣ በአማርኛ ይጣላሉ፣ በአማርኛ ይታረቃሉ፤ ወደ ልጁ ሲዞሩ ግን ቋንቋውን ይለውጣሉ። ለፋሲካ አያቱ ከገጠር መጡ። ሕፃኑ ሮጦ ወጣና «እማማ፣ መጣህ?» አላቸው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ አስጠኚውም አብሮ ሳቀ። አሮጊቷ ግን አልሳቁም። በሰነበቱባቸው ቀኖች ሁለት ጊዜ ተረት ሊነግሩት ጀመሩ፤ ልጁ መከተል ስላልቻለ ሁለቱንም ጊዜ ከጭናቸው ላይ ወርዶ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ። ሦስተኛ ጊዜ አልሞከሩም። እንግዲህ ይህ ልጅ ያለፈውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ሰንጠረዥ በቃሉ ይወጣዋል፤ የገዛ አያቱን ግን «መጣሽ» ወይም «መጡ» ብሎ መቀበል አያውቅም። የከፈለው አባት ነው፤ የተቀበልነው እኛ ነን፤ የከሰሩት ግን ልጁና አያቱ ናቸው።

ይህ ሁሉ የሚመነጨው ሕፃን ባዶ እንስራ ነው ከሚለው አስተሳሰብ ነው። ሕፃን ባዶ አይደለም። በቤቱ አማርኛ የሚሰማ የሦስት ዓመት ልጅ እንግዳውን «ና» ማለት ሲገባው «ምጣ» ቢል እንስቅበታለን። ነገር ግን «ምጣ» የሚለውን ከማን ሰማው? ከማንም አልሰማውም። «ወረደ» ካለ «ውረድ»፣ «ወጣ» ካለ «ውጣ» መሆኑን አስተውሎ፣ «መጣ» ካለ ደግሞ «ምጣ» መሆን አለበት ብሎ ራሱ አወጣው። የተሳሳተው ሕግ ስላጣ ሳይሆን ሕግ ስላገኘ ነው። እንዲህ ላለ አእምሮ የሚያስፈልገው የትርጓሜ ሽምደዳ ሳይሆን ቃሉን አቃንቶ የሚመልስለት ሰው ነው።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። ልጁ ብርጭቆ ከእጁ ያመልጠዋል። እናቱ ስትመጣ «ተሰበረ» ይላታል። «ሰበርኩት» አይልም! በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ተደራጊ ግሥ በእንግሊዝኛ ስንት ሳምንት እንደ ደከምን እናስታውሳለን፤ ይህ ጮሌ ግን በአራት ዓመቱ አድራጊውን ሰውሮ ተደራጊውን ማቅረብ ያውቅበታል። እናቱም «ተሰበረ ወይስ ሰበርከው?» ብላ ስትጠይቀው፣ በአንዲት ጥያቄ ሰዋስውንም ግብረ ገብንም አስተማረችው። ለዚህ ትምህርት ጥቁር ሰሌዳ አላስፈለገም፤ ገንዘብም አልተከፈለበትም። «ሰበረ»ንና «ተሰበረ»ን ሳይለይ ያደገ ሰው ግን ኋላ ባለ ሥልጣን ሲሆን «ስሕተት ተፈጥሯል» የሚል መግለጫ ያነብልናል። ማን ፈጠረው? ብሎ የሚጠይቅ ዜጋም ያስፈልገናል፤ እርሱም የሚበቅለው ከዚያው ከቤት ነው።

«ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት ያስተምረው የለምን?» የሚሉን አሉ። አያስተምረውም። ለዚህም ማስረጃው ከፊደላችን ላይ አለ። በዕለታዊ ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ የሚለይ ምልክት የለንም። «ገና» ላልቶ ሲነገር ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር በዓሉ ነው። «ዋና» ሲላላ በውኃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ አለቃ ነው። «ይሰማል» ሲላላ ሰውዬው ራሱ ይሰማል፤ ሲጠብቅ ድምፁ ለሌላው ይሰማል። ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ነው። በቁቤ የሚጻፈው ኦሮምኛ ፊደሉን ደግሞ በመጻፍ ጥብቀቱን ለአንባቢ ያሳያል፤ የእኛ አጻጻፍ ግን አንባቢው ቋንቋውን አስቀድሞ በጆሮው ይዞ ይመጣል ብሎ አምኖ የተወው ነው። ያንን ጆሮ የሚሰጠው ማን ነው? እናት፣ አያት፣ ጎረቤትና የሰፈር ልጅ እንጂ መጽሐፍ አይደለም። ቤት ይህን ሳይሰጥ ከቀረ፣ መምህሩ አንደኛ ክፍል ላይ የሚቀበለው ልጅ ፊደል ቆጥሮም ማንበብ የማይችል ይሆናል።

ሰዋስው ማለት በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። መሰላል የሚቆመው ከመሬት ላይ ነው፤ በአየር ላይ መሰላል ያቆመ የለም። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደል ይቆጥራል፣ ንባብ ይለምዳል፣ ዳዊት ይደግማል። የግሥ እርባታና የሰዋስው ጥልቀት የሚመጣው ግን ኋላ፣ ተማሪው ጎርምሶ ቅኔ ቤት ሲገባ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ያለ ጉድለት ነበር አንልም፤ የአለንጋውን ነገር ረስተን አይደለም። ነገር ግን አፉን ላልፈታ ሕፃን የግሥ ሰንጠረዥ አላቀረበም። እኛ ዘመናዊዎቹ ግን መሰላሉን ገልብጠን ይዘናል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣብንን መልስ እናውቀዋለን፤ «እንግሊዝኛ የእንጀራ ቋንቋ ነው» ይባላል። ማን ካደ? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። እኛም እንግሊዝኛችን ደካማ በመሆኑ ስንት ንግግር ሳይገባን እንደ ቀረ መምህራኖቻችን ያውቃሉ። እንግሊዝኛ ይቅር አላልንም። የምንለው፣ ሁለተኛው ቋንቋ የሚቆመው በመጀመሪያው ትከሻ ላይ ነው ነው። ባለቤትንና ተሳቢን በገዛ ቋንቋው ለይቶ የሚያውቅ ልጅ፣ በእንግሊዝኛ ሲነገረው «ይህስ የማውቀው ነው» ይላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በየብሔረሰቡ ቋንቋ እንዲሰጥ መወሰኑ ሕፃን በሚያውቀው ቋንቋ ሲማር ይገባዋል በሚል ነው። መንግሥት በወረቀት የፈቀደውን ሀብት ወላጅ በገንዘቡ ሲጥለው ማየት ያሳዝናል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል እንዲህ ነው። ከዚህም በላይ፣ ብዙው ወላጅ ለልጁ የሚያቀብለው እንግሊዝኛ ራሱ የተሰባበረ ነው። ጥሩ አማርኛ ያለው ሰው ለልጁ መጥፎ እንግሊዝኛ ማውረሱ ምን ይባላል?

በሌላው ወገን ደግሞ «ሰዋስው ለሕፃን ምን ያደርጋል? እንዲሁ ይደግ» የሚሉ አሉ። ከእነዚህም ጋር አንስማማም። ዝም ብሎ የተተወ ልጅ ከቴሌቪዥንና ከስልክ የለቀመውን ይናገራል። ቤት ማስተማር አለበት፤ የሚያስተምረው ግን እንደ ቤት ነው። ማታ ተረት ይነገረው፤ ተረቱን በማግሥቱ ራሱ ደግሞ ይናገር፤ የድርጊትን ቅደም ተከተል የሚማረው በዚህ ነው። እንቆቅልሽ ይጠየቅ፤ «ምን አውቅልህ» እያለ ይመልስ። «እኔ በላሁ፣ አንተ በላህ፣ አንቺ በላሽ፣ እርስዎ በሉ» እየተባለ በገበታ ዙሪያ ጨዋታ ይሁንለት። ሲሳሳት አይሳቅበት፤ አይገሠጽም። «እማማ መጣህ» ካለ፣ «አዎ፣ እማማ መጡ» ብሎ ቀና አድርጎ መመለስ ይበቃል። ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላውና ማንበብ ሲጀምር፣ ያን ጊዜ «ይህ የምትለው ቃል ግሥ ይባላል» ብንለው፣ ለሚያውቀው ነገር ስም ሰጠነው እንጂ ሸክም አልጫንበትም።

ይህን ስንል ለአማርኛ ብቻ መሟገታችን አይደለም። ትግርኛ በሚነገርበት ቤት በትግርኛ፣ ኦሮምኛ በሚነገርበት ቤት በኦሮምኛ፣ ጉራጌኛ በሚነገርበት ቤት በጉራግኛ ይሁን። ከመካከላችን ስንቶቻችን የእናታችንን ቋንቋ እየሰማን የማንመልስ ነን! በዚህ ግቢ ውስጥ ያፈርንበትን ነገር ለታናናሾቻችን አናውርስ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለማስጠናት ወደ ሰው ቤት የምንሄድ ሁሉ ዛሬውኑ አንድ ነገር እንወስን። ከ7 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሰዋስው ትርጓሜ አናስሸመድድም። ወላጅን ቁጭ አድርገን ምክንያቱን በትሕትና እንናገራለን። ከሰዓታችን ግማሹን በልጁ ቋንቋ ተረት በመናገርና በማናገር እናሳልፋለን። ይህን ብለን ሥራ ብንቀማስ? እንቀማ ይሆናል። የወር ገቢ ማጣት ምን ማለት እንደ ሆነ ለእኛ የሚነግረን የለም። ነገር ግን ጉዳት መሆኑን እያወቅን የምንሸጠውን ዕቃ ነጋዴ ቢሸጠው ምን እንለው ነበር?

መምህራኖቻችንም ሆይ፣ የቋንቋና የሥነ ልሳን ዕውቀታችሁ በመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ አይጠጣ። ወላጅ ሊያነበው በሚችል አማርኛ፣ በሁለት ገጽ፣ ለሕፃን ቤት ውስጥ ምን እንደሚባልለት ጻፉልን። ማባዛቱና በየደረስንበት ቤት ማደሉ የእኛ ሥራ ይሁን።

አሮጊቷ በመጪው ፋሲካ እንደገና ይመጡ ይሆናል። ያን ጊዜ ልጁ በር ላይ ምን ብሎ እንደሚቀበላቸው የሚወሰነው፣ በዚህ ሳምንት እዚያ ቤት ገብተን በምንናገረው ነው።