ቱቦውን ከመድፈናችን በፊት ሥዕሉን እንሣል

በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ የቫኪዩም ቱቦ ነው። የአሮጌ ባለ ካርቡሬተር ፒክአፕ ኮፈን ሲከፈት እንደ ሸረሪት ድር ተወሳስበው የሚታዩትን፣ የእርሳስ ውፍረት ያላቸውን ጥቋቁር የጎማ ቱቦዎች ማለቴ ነው።

«ይሄማ ዘመን ያለፈበት ነገር ነው፤ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብትጽፍ አይሻልም ወይ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። በእኔ አመለካከት ይህ አሮጌውን መኪና ከመንገድ አያወጣውም፤ ይልቁንም ባለቤቱ ያለውን አጥብቆ እንዲይዝ ያደርገዋል። ቆርቆሮና ሲሚንቶ እያመላለሰ ቤተሰብ የሚያስተዳድር የፒክአፕ ባለቤት መኪናውን ያስጠግናል እንጂ አይጥልም። የሚጠግንለት ደግሞ ነገ እኛ ነን።

በዓለም ባንክና በአየር ጤና አካባቢ ባሉ ጋራዦች ለተግባር ልምምድ የወጣን ተማሪዎች አንድ የተለመደ አሠራር አይተናል። ቱቦ ሲሰነጠቅ ወይም ሲወልቅ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም። ጫፉ ይቆረጣል፣ ትንሽ ቡሎን ይወተፍበታል፣ በሽቦ ይታሰራል፣ አለቀ። «አንተ ልጅ፣ ድፈነውና ይሂድ!» ይባላል። ሚኒሞው ከተረበሸ በካቻቢቴ ቪቴው ይዞርና ሞተሩ ዝም ይላል። ችግሩ ግን አልተፈታም፤ ተደበቀ እንጂ።

ለምን ቢባል፣ እያንዳንዱ ቱቦ የየራሱ ሥራ አለው። ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደውን ቱቦ እንውሰድ። በብዙ ሞተሮች ላይ ይህ ቱቦ የሚነሣው ከካርቡሬተሩ ቢራቢሮ ክዳን በላይ ካለች ቀዳዳ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ በዚያች ቀዳዳ ላይ ቫኪዩም የለም ማለት ይቻላል። ነዳጅ ሲረገጥና ክዳኑ ትንሽ ሲከፈት ግን ቫኪዩሙ ይመጣና የካንዴላውን ብልጭታ ያስቀድማል። ቱቦው ከተደፈነ በመካከለኛ ፍጥነት ስንነዳ ብልጭታው ይዘገያል፣ ቤንዚን ያለ ጥቅም ይቃጠላል፣ ሞተሩም ይግላል። በስሕተት ከክዳኑ በታች ካለው ከማኒፎልዱ ቀዳዳ ላይ ከተሰካ ደግሞ ብልጭታው በሚኒሞ ጊዜ ይቀድማል፣ ሚኒሞውም ከፍ ይላል። መካኒኩም ቪቴውን ዝቅ አድርጎ ይሸኘዋል። ቀዳዳዎቹ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ ነው፤ ውጤታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ነው። በመንገዱ ላይ አየርን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አለ። ቫልቩ ተገልብጦ ከተገጠመ ወይም ቱቦው ከላላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ሲሚንቶ የጫነ ፒክአፕ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ቢደርቅበት ምን ሊከተል እንደሚችል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ከመማሪያ መጻሕፍቶቻችን የማናገኘው አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። መጽሐፉ «ጤናማ ሞተር በሚኒሞ ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል» ሲል ስለ ባሕር ዳርቻ ነው የሚናገረው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ያህል ስለሚቀነስ፣ እኛ ጋ ከ10 እስከ 13 የሚያሳይ ጌጅ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ይህን የማያውቅ ተማሪ ደኅናውን ሞተር «ቫልቩ ተበልቷል» ብሎ ሊያስፈታው ነው። በሌላ አነጋገር ለሰርቮውም ሆነ ለዲስትሪቢዩተሩ የሚደርሰው ኃይል ከመነሻው አነስተኛ ነው፤ በተሰነጠቀ ቱቦ የምናባክነው ትርፍ የለንም።

ሌላም አለ። አንዳንድ የቶዮታ 22 አር ሞተሮች ከፍታ ላይ ለካርቡሬተሩ ተጨማሪ አየር የሚሰጥና ብልጭታውን የሚያስቀድም ቫልቭ ተገጥሞላቸዋል። የተሠራው ልክ እንደ አዲስ አበባ ላለ ቦታ ነው። ለምን እንደተገጠመ ካልታወቀ ግን ከሌሎቹ ጋር «ትርፍ» ተብሎ ይደፈናል።

በርግጥ የነባር መካኒኮችን ክርክር ንቆ ማለፍ ተገቢ አይደለም። «ይሄ ሁሉ ቱቦ ለፈረንጅ አገር የጭስ ሕግ ነው» ይላሉ፤ በከፊል እውነት አላቸው። የተቃጠለ ጭስን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው መስመር በትክክል ቢደፈን መኪናው መሄዱን አይተውም። በሞተሩ ውኃ ሙቀት የሚከፈቱት የፕላስቲክ ቫልቮችም ጫፋቸው ከተሰበረ ሶማሌ ተራን ዞሮ ማግኘት ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ አንድ ዓይነት ስም ያለው ፒክአፕ ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራ ታይቶ የቱቦው ብዛት ይለያያል። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ ኮፈን ሥር የሚለጠፈው የቱቦ ሥዕል ደግሞ መኪናው ቀለም ሲቀባ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አንዳንዴ መድፈን ግድ ነው። የእኔ ተቃውሞ ሳያውቁ መድፈንንና ሳይጽፉ መድፈንን ነው። ያልተጻፈ ድፍን ለሚቀጥለው መካኒክ እንቆቅልሽ ነው። ለባለቤቱ ደግሞ በየቀኑ ከማደያ የሚከፍለው ዕዳ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በአምስት ደቂቃ የተደፈነ ቱቦ በኋላ የሁለት ቀን ፍለጋ ይጠይቃል።

በመሆኑም ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ማንኛችንም ቱቦ ከመንቀላችን በፊት መነሻውንና መድረሻውን በወረቀት እንሣል፣ በሁለቱም ጫፍ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ፕላስተር እንለጥፍ፤ ስልክ ያለውም ፎቶ ያንሣ። ሁለተኛ፣ የሚያፈስ ቱቦ ስንፈልግ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት ይቅር፤ ቱቦዎቹን ተራ በተራ በፒንሳ ቀስ አድርጎ ቆንጥጦ የሚኒሞውን ለውጥ ማዳመጥ ይበቃል። ሰርቮውን ለመፈተሽ ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ፣ ከዚያ እግርን ሳያነሡ ማስነሣት ነው። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ቫኪዩም እየደረሰው ነው። ሦስተኛ፣ ዲፓርትመንቱ በወርክሾፑ ካሉት ሞተሮች አንዱን ቱቦዎቹን በየሥራቸው በቀለም ለይቶ ያዘጋጅልን፤ ከልምምድ የምንመለስ ተማሪዎችም ያየነውን የእያንዳንዱን ፒክአፕ ሥዕል እዚያው ግድግዳ ላይ እንለጥፍ።

ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ወረቀት፣ እርሳስና ትዕግሥት ብቻ ነው። ሥዕሉ ተጠራቅሞ ከኛ በኋላ ለሚመጡት ቢደርስ ልምምድ የሚወጣው ተማሪ «ድፈነው» ሲባል «ከየት ነው የመጣው?» ብሎ ለመጠየቅ አያፍርም ብዬ አምናለሁ።